አራራት ላይ የወጣው ዲያቆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ስለ አንድ ከፍተኛ የእሳተ ገሞራ ተራራና ወደ ጫፉ ስለ ወጣ የእኛ እኩያ ዲያቆን እንድንማማር አስቤአለሁ። ተራራው አራራት ነው፤ ዲያቆኑም ኻቻቱር አቦቪያን የተባለ አርመናዊ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ግን የዲያቆኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የራሴ ጥፋት ጭምር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን መናገር ይገባኛል።

1. የጽሑፉ መነሻ

ከሦስት ዓመት በፊት በታዳጊዎች ክፍል የኖኅን ታሪክ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ትምህርቱ እንዲጥም ፈልጌ በስልኬ ላይ ያገኘሁትን አንድ ምስል ይዤ ገባሁ። በምስሉ ላይ በበረዶ ውስጥ የተቀበሩ የሚመስሉ የእንጨት ግድግዳዎች ይታያሉ። «ይኸውላችሁ፤ የኖኅ መርከብ በአራራት ተራራ ላይ ተገኝታለች፤ ሳይንቲስቶችም አረጋግጠዋል» አልኋቸው። ወሬው ከየት እንደ መጣ አልመረመርሁም። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ስላላቸው ደስ አለኝ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ነገሩን በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ተናገረ። መምህሩ «ማን አረጋገጠ? መቼ?» ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው አጣ። የክፍሉ ልጆች ሳቁበት፤ «ኖኅ» የሚል ቅጽል ስምም አወጡለት። በሚቀጥለው እሑድ ወደ እኔ መጥቶ «ወንድሜ፣ ያንን ነገር ከየት ነው ያገኘኸው? ለመምህሩ ላሳያቸው» አለኝ። በዚያች ሰዓት «ሳላጣራ ነው የነገርኋችሁ፤ ይቅር በለኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አፈርሁና «መጠራጠር የእምነት ማነስ ነው» ብዬ ገሠጽሁት። ከዚያ በኋላ ልጁ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረ።

የምማረው የሥነ ምድር ትምህርት ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች የጥናት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ አራራትን መረጥሁ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው በዚያ ጥናት ያገኘሁትን ነው።

2. አራራት ምን ዓይነት ተራራ ነው?

አራራት ዛሬ በቱርክ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ለአርመንያና ለኢራን ድንበር ቀርቦ የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 5,137 ሜትር ሲሆን፣ የእኛን ራስ ደጀን በ600 ሜትር ያህል ይበልጠዋል። በአጠገቡ 3,896 ሜትር ከፍታ ያለው ታናሹ አራራት ቆሞአል። አርመኖች ታላቁን ተራራ ማሲስ ይሉታል። ከሥሩ ያለው የአራክስ ወንዝ ሜዳ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ተራራው ከሜዳው በላይ ከ4,000 ሜትር የበለጠ ብቻውን ከፍ ብሎ ይታያል።

አራራት እሳተ ገሞራ ነው። ከምድር ውስጥ የወጣው የቀለጠ ዓለትና አመድ በብዙ ዘመናት አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ሠርቶታል። ከእሳት የተወለደው ተራራ ግን ጫፉ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። በአገራችንም ዝቋላ እንዲሁ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ እሳት ይወጣበት በነበረው አፍ ላይ ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም በዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 መርከቢቱ ያረፈችው በአራራት «ተራሮች» ላይ መሆኑን በብዙ ቁጥር ይናገራል እንጂ አንድ ጫፍ ለይቶ አይጠራም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 የሰናክሬም ልጆች አባታቸውን ገድለው የሸሹት ወደ አራራት አገር እንደ ሆነ ተጽፎአል፤ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 51 ደግሞ አራራት ከመንግሥታት ጋር ተቆጥሮአል። ስለዚህ አራራት በጥንት ጊዜ የአንድ ሰፊ አገር ስም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠረው መጽሐፈ ኩፋሌ መርከቢቱ ያረፈችበትን ተራራ ለይቶ ከአራራት ተራሮች አንዱ የሆነው ሉባር ነው ይላል። ማሲስን ከኖኅ መርከብ ጋር ያያያዘው ልማድ የጸናው ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላነብ ነበር በአንድ ምስል አስተማሪ የሆንሁት።

3. «አይወጣም» የተባለው ለምን ነበር?

የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን በእምነት ከእኛ ጋር አንድ የሆነች እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤም ተካፋይ ነበረች። መንበሯ ኤችሚያዚን ከአራራት ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነው።

በአርመኖች ዘንድ ከአባቶች የወረደ ትውፊት አለ። በስንክሳራችን የምናውቀው ያዕቆብ ዘንጽቢን መርከቢቱን ለማየት ተመኝቶ ተራራውን መውጣት ጀመረ። በደከመው ጊዜ ይተኛል፤ ሲነቃም ራሱን ከተነሣበት ቦታ ያገኘዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ መልአክ ተገልጦ ከመርከቢቱ አንድ ቁራጭ እንጨት ሰጠውና መውጣቱን እንዲተው ነገረው። በኤችሚያዚን ዕቃ ቤት እስከ ዛሬ የሚታይ በክብር የተቀመጠ እንጨት አለ።

ከዚህ የተነሣ ሕዝቡ ማንም ሰው ጫፉን ሊረግጥ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ልዩነቱን ተመልከቱ። እኛ ዝቋላን የምናከብረው በመውጣት ነው፤ እነርሱ ማሲስን ያከበሩት ባለ መውጣት ነበር። ሁለቱም አክብሮት ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ስለ አንድ ቅዱስ የሚናገረውን ሰዎች «ከቶ አይቻልም» ወደሚል አጠቃላይ ፍርድ ለውጠውት ነበር።

4. ሦስቱ ሙከራዎች

እ.ኤ.አ. በ1828 ሩስያና ፋርስ ጦርነታቸውን በስምምነት ሲጨርሱ የተራራው ሰሜናዊ ገጽ በሩስያ እጅ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ወር ፍሪድሪክ ፓሮት የተባለ፣ ዛሬ ታርቱ በምትባለው በዶርፓት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ኤችሚያዚን ደረሰ። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስላስፈለገው ከገዳሙ አንድ ወጣት ዲያቆን ተሰጠው። ይህም በካቶሊኮሱ ዘንድ በአስተርጓሚነት ያገለግል የነበረው፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያህል የሆነው ኻቻቱር አቦቪያን ነበር። ከገዳም ያደገ፣ ትውፊቱንም ከልጅነቱ የሚያውቅ ልጅ ነው። እንግዳው ቢወድቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዲያቆኑ ግን የሚመለሰው እዚያው «አይወጣም» ወደሚሉት አባቶቹና ወገኖቹ ነበር።

ተጓዦቹ በተራራው ወገብ ባለች አኩሪ በተባለች መንደር አቅራቢያ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም አረፉ። የመጀመሪያው ሙከራ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሆነ። በቂ የብርድ ልብስ ስላልያዙ ሳይሳካ ቀረ። ከስድስት ቀን በኋላ የመንደሩ ሹም ስቴፓን ኾጂያንትስ በሰሜን ምዕራብ በኩል ቢሄዱ እንደሚሻል መከራቸው። በዚያ ወጥተው 4,885 ሜትር ደረሱ፤ ወደ ጫፉ 250 ሜትር ያህል ብቻ ሲቀራቸው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደማይደርሱ አይተው ተመለሱ። እኔ በዚያ ብሆን ኖሮ «ይህን ያህል ደርሰን?» ብዬ የምገፋ ይመስለኛል። በበረዶ ላይ ሌሊት ቢያዙ ኖሮ ግን ሦስተኛ ሙከራ ባልነበረ።

ሦስተኛው ጉዞ ኦክቶበር 9 ቀን 1829፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 30 ቀን 1822 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ በጫፉ ተፈጸመ። የደረሱት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ፓሮት፣ አቦቪያን፣ ሁለት የሩስያ ወታደሮችና ሁለት የአኩሪ መንደር ገበሬዎች። በግግሩ ላይ እግር የሚቆምበት ደረጃ በመጥረቢያ እየጠረቡ ነበር የወጡት። ዲያቆኑ በጫፉ ላይ በረዶውን ቆፍሮ ከእንጨት የተሠራ መስቀል ወደ ሰሜን አዙሮ ተከለ። ከዚያም አንድ ቁራጭ በረዶ ወስዶ፣ ውኃውን እንደ ጠበል ቆጥሮ በጠርሙስ ይዞት ወረደ።

ይህን የመሰለውን አቀበት ከባድ የሚያደርገው ቁልቁለቱና ብርዱ ብቻ አይደለም። በከፍታ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ታች 21 በመቶ ነው፤ ነገር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው ያነሰ ይሆናል። በአራራት ጫፍ ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ግማሹን በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። በችኮላ የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል። ሕመሙን ንቆ ከቀጠለም ውኃ በሳንባው ወይም በአንጎሉ ሊቋጥርና ሊሞት ይችላል። ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጉልበተኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ወጣቶች በጉልበታቸው ተመክተው ስለሚሮጡ ይበልጥ ይጎዳሉ።

በዘመናችን ሰዎች ተራራውን ብዙውን ጊዜ የሚወጡት በደቡብ በኩል ከዶኡባያዚት ከተማ ተነሥተው፣ በ3,200 ሜትርና በ4,200 ሜትር ገደማ ባሉ ሁለት ሰፈሮች እያረፉ ነው። ሰውነታቸው ከአየሩ ጋር እንዲለማመድ ቀን ወደ ላይ ወጥተው ለእንቅልፍ ዝቅ ብለው ይመለሳሉ። ለመጨረሻው ጉዞ ሌሊት ይነሣሉ፤ በግግሩ ላይ ሲደርሱም ከጫማቸው ሥር ባለ ጥርስ ብረት ያስራሉ።

5. አየሁ ያለውና አላየሁም ያለው

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የጽሑፌ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከተራራው ሲወርዱ «መርከቢቱን አየን» አላሉም። ማለት ይችሉ ነበር። በዚያን ዘመን ወጥቶ የሚያጣራባቸው ሰው አልነበረም። ቢሉ ኖሮ ወሬውን የሚወድላቸው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ለዲያቆኑም የሚደርስበት ቁጣ ይቀልለት ነበር። እርሱ ግን ያመጣው አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነው።

እውነት መናገራቸው ግን ወዲያው አልጠቀማቸውም። «ከጫፉ ደርሰናል» ማለታቸውን እንኳ ብዙዎች አላመኑም። ከአባቶች ወገን የተጠራጠረ እንዳለ ሁሉ፣ ከሊቃውንትም ወገን የተጠራጠረ ነበር። ፓሮት አብረውት የወጡት ሰዎች የምስክርነት ቃላቸውን እንዲሰጡ እስከ ማስደረግ ደርሶአል። እ.ኤ.አ. በ1876 ጄምስ ብራይስ የተባለ ብሪታንያዊ የመጨረሻውን አቀበት ብቻውን ወጥቶ ወደ ኤችሚያዚን በመጣ ጊዜ፣ በዚያ ያገኛቸው አንድ ሽማግሌ አባት ፈገግ ብለው ማንም ወጥቶ እንደማያውቅና ሊሆንም እንደማይችል ነገሩት። ከአቦቪያን መውጣት በኋላ 47 ዓመት አልፎ ነበር።

መርከቢቱን በሚመለከት ደግሞ በየጊዜው «ተገኘች» የሚል ወሬ ተነሥቶአል። እኔ ለልጆቹ ያሳየሁት ምስል እ.ኤ.አ. በ2010 ከሆንግ ኮንግና ከቱርክ የተውጣጡ ሰዎች በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አገኘን ካሉት ጋር የተሰራጨ ነበር። ለዚያ አባባል በገለልተኛ ተመራማሪ የተረጋገጠ ማስረጃ አልቀረበም። ስለዚህ «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ያልሁት ሐሰት ነበር። ሐሰት ለእምነት ሲባል ቢነገርም ሐሰትነቱ አይለወጥም።

6. ተራራውም አይጸናም

የአኩሪ መንደርና የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ዛሬ የሉም። ጁላይ 2 ቀን 1840 ምድር ተናወጠች፤ ከተራራው የወረደው ናዳና ጭቃ መንደሩንም ገዳሙንም ቀበራቸው። ብዙ ሕዝብ አለቀ። ያቺ ተጓዦቹን ያሳደረች፣ ልጆቿንም መንገድ እንዲመሩ የሰጠች መንደር ነበረች።

በጫፉ ላይ ያለው የበረዶ ግግርም ቢሆን እየቀነሰ ነው። ከሳተላይት በተወሰደ ልኬት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1976 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው በ2011 ወደ 5.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶአል። ግግር ደግሞ ቀስ እያለ የሚንሸራተት ነገር ነው፤ በላዩ የተተከለውን በቦታው አያቆይም። እምነታችንን በበረዶ ውስጥ ሊገኝ በሚችል እንጨት ላይ ብንመሠርተው፣ እንጨቱ ያልተገኘ ዕለት ምን እንሆናለን? ያ ልጅ የሆነው ይህንኑ ነው። የመሠረትሁለት ድንጋይ ላይ ሳይሆን በረዶ ላይ ነበር።

7. ዲያቆኑ ከዚያ በኋላ

ፓሮት ለአቦቪያን የትምህርት ዕድል አስገኘለትና ከ1830 እስከ 1836 በዶርፓት ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ልጆችን በአዲስ ዘዴ ማስተማር ፈለገ፤ ከካህናቱ ወገን ግን ተቃውሞ ገጠመው። በዚያን ዘመን የአርመን መጻሕፍት የሚጻፉት ሕዝቡ በማይናገረው በጥንታዊው ቋንቋ ነበር። እርሱ ግን ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ «የአርመንያ ቁስሎች» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከጠፋ ከዓመታት በኋላ በ1858 ነው። እኛ ግዕዝንና አማርኛን የምናውቅ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እንረዳለን።

አራራትንም አልረሳውም። በ1845 ከሊቁ ኸርማን አቢኽ ጋር እንደ ገና ወጥቶአል። በኤፕሪል 1848 አንድ ማለዳ ከቤቱ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀርቶአል። ዛሬ ግን አርመኖች ከታላላቅ ሰዎቻቸው አንዱ አድርገው ያከብሩታል።

8. ምን እንማራለን?

ሀ/ ስለ እግዚአብሔር ፍጥረት መመርመር ፍጥረቱን ማቃለል አይደለም። ዲያቆኑ ከፕሮፌሰሩ ጋር ወጣ፤ መስቀሉንም ተከለ። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

ለ/ አገሩን የሚያውቅ ሰው የሚሰጠውን ምክር መስማት ያስፈልጋል። መንገዱን ያሳየው ከሩቅ የመጣው መሣሪያ ሳይሆን የመንደሩ ሹም ነው።

ሐ/ መመለስ ሽንፈት አይደለም። በ4,885 ሜትር ላይ የተመለሱት ሰዎች ናቸው በ5,137 ሜትር ላይ የቆሙት። በንግግርም እንዲሁ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ተናግረን እንደ ሆነ መመለስ አለብን። እኔ ሳልመለስ የቀረሁበት ሌሊት ሦስት ዓመት ወሰደብኝ።

መ/ ያየነውን አየን፣ ያላየነውን አላየንም ማለት የክርስቲያን ግዴታ ነው። ለሚጠይቀን ታናሽ ወንድም «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ብንለው አይቀልልብንም፤ ብንዋሸው ግን ያንን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ያስተማርነውን ሁሉ ይጥለዋል።

በመጨረሻ ስለ ልጁ ልንገራችሁ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ በሩን ከፈቱልኝና «እንዴት ጠፋህ ልጄ!» ብለው አስገቡኝ፤ እኔ ግን የጠፋሁት ለምን እንደ ሆነ እርሳቸው ፊት ለመናገር ጨነቀኝ። ቡናው ቀርቦ ሳለ ለልጁ ነገርሁት። «ያን ቀን የነገርሁህ ውሸት ነበር። የጠየቅኸው ጥያቄ ደግሞ ትክክል ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁት። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኖአል፤ ቁመቱም እኔን አልፎኛል። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና የአራራትን ታሪክ እንድነግረው ጠየቀኝ። ከነገርሁት በኋላ «እና ዲያቆኑ ምንም አላገኘም?» አለኝ። «ውኃ ይዞ ወረደ» አልሁት። «እሱንስ አመኑት?» አለ። «ብዙዎቹ አላመኑትም» አልሁት። «ቢሆንም አልዋሸም» አለና ስኒውን አስቀመጠ።

እስካሁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን አልተመለሰም። ይህን ጽሑፍ ግን ከመታተሙ በፊት አንብቦ፣ ስለ እርሱ የጻፍሁትን እንዳወጣው ፈቅዶልኛል። ከመጣ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦታ እንድትለቁለት፣ ማንም «የት ጠፍተህ ነበር?» ብሎ እንዳይጠይቀው በትሕትና እለምናችኋለሁ። የጠፋሁት እኔ ነበርሁና።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ዝቋላን መውጣትና ማሲስን አለመውጣት ሁለቱም አክብሮት ሊሆኑ የቻሉት እንዴት ነው?

2. ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8ንና መጽሐፈ ኩፋሌን አስተያይታችሁ አንብቡ። መርከቢቱ ስላረፈችበት ቦታ ምን ይላሉ?

3. በስልካችን የሚደርሰንን «ተገኘ፣ ተረጋገጠ» የሚል ወሬ ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት ምን ምን ልንጠይቅ ይገባል?

4. ሳታጣሩ ተናግራችሁት እስከ ዛሬ ያላረማችሁት ነገር አለን? ለማን መመለስ ይገባችኋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።